የወረቀት ፊኛ ፓሲፊክን እንዴት ተሻገረ? ስለ ጃፓን የፊኛ ቦምቦች የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጃፓን ከወረቀት በተሠራ ፊኛ ቦምብ እያሸከመች ወደ አሜሪካ ትለቅ እንደነበር፣ ኦሪገን ውስጥም ሰው እንደሞተ አነበብኩ። ሞተርም አብራሪም የሌለው ወረቀት ያንን ሁሉ ውቅያኖስ እንዴት ያቋርጣል? እውነት ከሆነስ እስከዛሬ ለምን በደንብ አልተወራም?»

ምላሽ፦ እውነት ነው። ታሪኩ ብዙ ጊዜ ተስፋ የቆረጠ ጦር የሠራው እብደት ተብሎ ስለሚቀለድበት ዋናው ነገር ይዘለላል። መሣሪያው ሠርቷል፤ ውቅያኖሱን ተሻግሯል፣ ከፍታውን በራሱ ጠብቋል፣ ቦምቡንም በራሱ ጥሏል። ያከሸፈው የወቅት ምርጫ ነው፦ ነፋሱ የሚበረታበት ወር ጫካው የሚረጥብበት ወር ሆኖ ተገኘ። በዚያ ላይ እርስዎ የጠየቁት ዝምታ ተጨመረበት። ዝምታው የጃፓንን ዓይን አሳውሯል፤ ኦሪገን ላይ ለሞቱት ስድስት ሰዎችም በከፊል ተጠያቂ ነው ብዬ አምናለሁ። (ዓመታቱና ወራቱ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከነፋሱ እንነሣ፤ ያለ እሱ ሌላው ከንቱ ነው። ዋሳቡሮ ኦይሺ የተባለ ጃፓናዊ የአየር ጠባይ ተመራማሪ ከቶኪዮ በስተሰሜን በታቴኖ የሚገኘውን የምርምር ጣቢያ ሲመራ፣ በ1920ዎቹ ትንንሽ ፊኛዎች ወደ ሰማይ እየለቀቀ አካሄዳቸውን በመሣሪያ ይከታተል ነበር። ከ1,200 ጊዜ በላይ ለካ። በብርዱ ወራት ከ9 ኪሎ ሜትር ከፍታ በላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚጋልብ፣ አንዳንዴ በሰዓት ወደ 300 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ነፋስ መኖሩን አረጋገጠ። ዛሬ ጄት ስትሪም የሚባለው ነው። ኦይሺ ግኝቱን ዓለም ሁሉ እንዲያነብለት ብሎ የሁሉም የጋራ ቋንቋ እንዲሆን በተፈጠረው በኤስፔራንቶ በ1926 አሳተመው፤ ለሁሉም የተጻፈው ነገር ማንም ሳያነበው ቀረ። አሜሪካኖቹ ነፋሱን በቅጡ የተዋወቁት በ1944 መገባደጃ ላይ ቶኪዮን ሊደበድቡ የሄዱ ቢ-29 አውሮፕላኖቻቸው በአየር ላይ ሲንገላቱና ቦምባቸው ዒላማውን ሲስት ነበር።

ነፋሱን የጦር መሣሪያ ያደረገው ቁጭት ነው። ኤፕሪል 18 ቀን 1942 በጄምስ ዱሊትል የተመሩ 16 አውሮፕላኖች ከመርከብ ተነሥተው ቶኪዮንና ሌሎች የጃፓን ከተሞችን ደበደቡ። ጉዳቱ ትንሽ፣ ውርደቱ ግን ትልቅ ነበር። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ ኖቡኦ ፉጂታ የተባለ አብራሪ ከሰርጓጅ መርከብ በተነሣች ትንሽ አውሮፕላን ኦሪገን ውስጥ ብሩኪንግስ አጠገብ ጫካ ላይ ተቀጣጣይ ቦምብ ጣለ። ጫካው ርሶ ስለነበር እሳቱ ወዲያው ከሰመ። ከዚህ ትምህርት ሊወሰድ ይገባ ነበር፤ አልተወሰደም። የፊኛውን ሥራ ኖቦሪቶ የሚገኘው የጦሩ የቴክኒክ ምርምር ተቋም በሜጀር ጄኔራል ሱዌዮሺ ኩሳባ መሪነት ያዘው። በ1944 መጀመሪያ ላይም ወደ 200 የሚጠጉ የሙከራ ፊኛዎች ተለቀቁ፤ ከፊሎቹ ሬዲዮ ስለተሸከሙ ምን ያህል ርቀው እንደሄዱ መከታተል ተችሏል።

አሁን ወደ ፊኛው። ዲያሜትሩ 10 ሜትር፣ ሲሞላ 540 ሜትር ኩብ ገደማ ሃይድሮጅን የሚይዝ ክብ ነገር ነው። ወረቀቱ ደብተር ላይ የምናውቀው ዓይነት እንዳይመስልዎ። ኮዞ ከሚባል ቁጥቋጦ ልጥ የሚሠራ፣ ጭረቱ ረጃጅም የሆነ፣ በእጅ ለመቅደድ የሚያታግል የጃፓን ወረቀት ነው። ሦስት አራት ሆኖ ተደራርቦ ይለጠፋል። ማጣበቂያው ኮንያኩ ከሚባል የሚበላ ሥር ዱቄት የተበጠበጠ ሙጫ ነው፤ ሲደርቅ የወረቀቱን ቀዳዳ ደፍኖ ሃይድሮጅኑ እንዳያመልጥ ያደርጋል። ሃይድሮጅን ከጋዞች ሁሉ ቀላሉ ስለሆነ ተራ ጨርቅን ዘልቆ ይወጣል። የባሕር ኃይሉ በበኩሉ በጎማ የተነከረ የሐር ፊኛ ሠርቶ ነበር፤ ከባድና ውድ ሆነና ወረቀቱ አሸነፈ።

ሥራው የወደቀው በአብዛኛው በተማሪ ልጃገረዶች ላይ ነው። ጥፍራቸውን ከሥሩ እንዲቆርጡ፣ ጓንት እንዲያደርጉ፣ የፀጉር መርፌ እንዳይሰኩ ታዘው ነበር፤ አንዲት ጭረት ፊኛውን ታበላሸዋለች። የተለጠፈው ወረቀት ከሥሩ ብርሃን በሚበራበት መስታወት ላይ እየተዘረጋ ሙጫው የሳሳበት ቦታ ይፈለግና ይለጠፍበታል። ተገጣጥሞ ሲያልቅ በአየር ተነፍቶ መፈተሽ ስላለበት ሰፊ አዳራሽ ያስፈልግ ነበር፤ የቶኪዮ ቲያትር ቤቶችና የሱሞ መታገያው አዳራሽ ሳይቀሩ ለዚህ ዋሉ። አገሩ ተርቦ ስለነበር ሠራተኞቹ ሙጫውን እየሰረቁ ይበሉት ነበር። ምግብ ነዋ!

ከሁሉም ግን መቆጣጠሪያው ነው የሚደንቀው። ችግሩ እንዲህ ነው፦ ቀን ፀሐይ ስትመታው ጋዙ ይሞቅና ይሰፋል፤ ፊኛው እየወጣ ሄዶ ሊፈነዳ ይችላል። ማታ ብርዱ ከዜሮ በታች 50 ዲግሪ ሲደርስ ጋዙ ይኮማተርና ፊኛው መውረድ ይጀምራል፤ ዝም ከተባለ ባሕር ውስጥ ይገባል። መንገዱ ሁለት ሦስት ቀን የሚፈጅ ስለሆነ ሌሊት ማሳለፉ ግድ ነው። ስለዚህ የላይኛውም የታችኛውም ወሰን ያለ ሰው እጅ መጠበቅ ነበረበት።

የላይኛው ቀላል ነበር። ከፊኛው ሥር በሞላ የተያዘ ቫልቭ አለ፤ የውስጡ ግፊት ከልክ ሲያልፍ ተከፍቶ ትርፉን ጋዝ ያስወጣል። መሬት ላይም ፊኛው ሙሉ በሙሉ አይነፋም፤ ጋዙ ወደ ላይ ሲወጣ የሚሰፋበት ቦታ እንዲኖረው ይተውለታል። ለዚህ ነው በፎቶግራፎቹ ላይ ሲነሣ ግማሹ የተጨማደደ የሚመስለው።

የታችኛው ወሰን ነው ራስ ምታቱ። ከፊኛው ወገብ በሚወርዱ 19 ገመዶች የተንጠለጠለ የአሉሚኒየም ቀለበት አለ፤ በዙሪያው ከ30 በላይ የአሸዋ ከረጢቶች ተሰቅለዋል። ከላዩ የአየር ግፊት የሚለኩ ትንንሽ መሣሪያዎች ተቀምጠዋል። ፊኛው ከ9 ኪሎ ሜትር ገደማ በታች ሲወርድ ግፊቱ ይጨምርና ኤሌክትሪኩን ያገናኛል፤ ባሩድ የተጠቀጠቀባቸው ትንንሽ ውታፎች ይፈነዳሉ፣ ከረጢቶች ይወድቃሉ፣ ፊኛው ቀልሎ ይነሣል። ብልሃቱ ያለው ከዚህ በኋላ ነው። ያው ፍንዳታ ለሁለት ደቂቃ ያህል የሚነድ ክር ይለኩሳል፤ ቀጣዩ ውታፍ ለሥራ የሚዘጋጀው ክሩ ነዶ ሲያልቅ ብቻ ነው። ያ ሁለት ደቂቃ ባይኖር ኖሮ ፊኛው ገና ወደ ላይ ሳይነሣ መሣሪያው «አሁንም ዝቅ ብለናል» እያለ ከረጢቶቹን በአንድ ጊዜ ባራገፋቸው ነበር። በተመሳሳይ ምክንያት፣ ከመሬት ሲነሣ የሚለኮስ ረጅም ክር ነበር፤ ወደ አንድ ሰዓት ገደማ እስኪነድ ድረስ መሣሪያው በሙሉ ተኝቶ ይቆያል። እንዲያ ባይሆን ገና ከባሕሩ ዳርቻ ሳይርቅ ባዶውን ይቀር ነበር።

አሸዋው ሲያልቅ ተራው የቦምቦቹ ነው። የተለመደው ጭነት አንድ 15 ኪሎ ግራም ሰው ገዳይ ቦምብና አነስ ያሉ ተቀጣጣይ ቦምቦች ነበሩ። የጃፓን ስሌት አሸዋው ሲያልቅ ፊኛው አሜሪካ ምድር ላይ ይሆናል የሚል ነው። የመጨረሻው ቦምብ ሲወድቅ ደግሞ ወደ 20 ሜትር የሚጠጋ ክር ተለኩሶ ከአንድ ሰዓት በላይ ከነደደ በኋላ ፊኛውን የሚያቃጥል የማግኒዚየም ዱቄት ያነዳል፤ ቀለበቱንም የሚበትን ሌላ ፈንጂ አለ። ምንም ማስረጃ እንዳይቀር ነው።

ከዚህ የሚከተለውን ብዙ ሰው አያስተውለውም፦ ሙሉ ሆኖ የተገኘ ፊኛ ሁሉ የተበላሸ ፊኛ ነው። በትክክል የሠራው ራሱን አጥፍቷል። ስለዚህ በተገኙት ላይ ብቻ ተመሥርቶ «መሣሪያው አይረባም ነበር» ማለት አያስኬድም። የተበላሹት ደግሞ በአብዛኛው በኤሌክትሪኩ ምክንያት ነው። ትንሿ ባትሪ በዚያ ብርድ እንዳትረጋ በማይረጋ የጨው ውሃ ተከባ፣ የፀሐይ ሙቀት በሚያስገባ ሳጥን ውስጥ ትቀመጥ ነበር፤ ሁልጊዜ ግን አልበቃትም። ባሩዱም እርጥበት እየገባው አልፈነዳ ይላል። ያኔ ፊኛው ከነቦምቡ ቀስ ብሎ ይወርድና ጫካ ውስጥ ይተኛል፤ እንዲህ የተኛው ነው ሰው የሚገድለው።

መልቀቁ የተጀመረው ኖቬምበር 3 ቀን 1944 በንጉሠ ነገሥት ሜጂ የልደት በዓል ነው። ከሆንሹ ደሴት ምሥራቃዊ ዳርቻ ከኢቺኖሚያ፣ ከኦትሱና ከናኮሶ እስከ ኤፕሪል 1945 ድረስ ወደ 9,300 የሚሆኑ ተለቀዋል። የመጀመሪያዋን ፊኛ የአሜሪካ የባሕር ኃይል ጀልባ በማግሥቱ ኖቬምበር 4 ከካሊፎርኒያ ጠረፍ ርቃ ባሕር ላይ ተንሳፍፋ አገኛት፤ ከሙከራዎቹ የተረፈች መሆን አለባት። ከዚያ ዋዮሚንግ፣ ሞንታና፣ አላስካ፣ ካናዳ፣ ሜክሲኮ፣ በምሥራቅ እስከ ሚሺጋን ድረስ ተገኙ። ተዋጊ አውሮፕላኖች መትተው የጣሏቸው ወደ 20 ብቻ ናቸው፤ በጣም ከፍ ብለው በፍጥነት ስለሚያልፉ ለማየትም ለመድረስም አስቸጋሪ ነበሩ።

መጀመሪያ ላይ ማንም ከጃፓን ምድር ተነሡ ብሎ አላሰበም፤ ከሰርጓጅ መርከብ ወይም ከአሜሪካው ዳርቻ የሚለቀቁ ነበር የመሰላቸው። የፈታው አሸዋው ነው። ከከረጢቶቹ የተወሰደው አሸዋ ወደ አሜሪካ የጂኦሎጂ ጥናት ተቋም ወታደራዊ ክፍል ተላከ። ባለሙያዎቹ በማይክሮስኮፕ ሲያዩት ዳያቶም የሚባሉ በዓይን የማይታዩ ሕዋሳት ቅሪት ከ100 ዓይነት በላይ አገኙበት፤ አንዳንዶቹ ከጦርነቱ በፊት በታተሙ የጃፓን ጥናቶች ላይ ብቻ የተገለጹ ነበሩ። የኮራል ስባሪ የለበትም፤ ኮራል ደግሞ በደቡባዊው የጃፓን ባሕር ስለሚበቅል ደቡቡ ወጣ። የግራናይት ምልክትም የለበትም፤ ግራናይት ያለበት ዳርቻ ሁሉ ተሰረዘ። እንዲህ እያሉ እያጠበቡ ሁለት ቦታ ላይ ደረሱ፤ አንደኛው ኢቺኖሚያ ነበር። ፎቶ አንሺ አውሮፕላኖች ሲላኩ በአካባቢው የሃይድሮጅን ማምረቻዎች ታዩ። አንድ እፍኝ አሸዋ ይዞ ከዋሽንግተን ሳይነሡ ፓሲፊክ ማዶ ያለ የባሕር ዳርቻን ማመልከት! በግሌ ከጦርነቱ የስለላ ሥራዎች ሁሉ ይህን የሚስተካከለው ጥቂት ነው።

አሜሪካኖቹን ከእሳት ይልቅ ያስፈራቸው በሽታ ነው። ፊኛው የእንስሳትና የሰብል በሽታ ቢያመጣ ተብሎ የእንስሳት ሐኪሞችና የግብርና ሠራተኞች በምስጢር ነቅተው እንዲጠብቁ ታዘዙ። ፍርሃቱ መሠረት ነበረው፤ ኖቦሪቶ ውስጥ የከብቶችን ደስታ በሽታ በፊኛ ስለ መላክ ጥናት ተደርጎ ነበር። ያ በሽታ በእኛ አገር በክፉ ቀን ዘመን ከብቱን ጠራርጎ ምን እንዳስከተለ ለሚያውቅ አንባቢ ብዙ ማስረዳት አያስፈልግም። ጃፓን አሜሪካ አጸፋውን በሩዝ ማሳዎቿ ላይ እንዳትመልስ ፈርታ ተወችው።

ወደ ዝምታው ስንመጣ፣ ጃንዋሪ 4 ቀን 1945 የአሜሪካ የሳንሱር ጽሕፈት ቤት ጋዜጦችና ሬዲዮኖች ስለ ፊኛዎቹ ምንም እንዳያወጡ ጠየቀ። ትእዛዝ ሳይሆን ጥያቄ ነበር፤ አዘጋጆቹ ግን አከበሩት። ኩሳባና ሰዎቹ የላኩት ነገር የት እንደወደቀ፣ ነድዶ እንደሆነ፣ ማንን እንደመታ የሚነግራቸው ጠፋ። የጃፓን ፕሮፓጋንዳ ትልልቅ ቃጠሎና ብዙ ሙታን አሉ እያለ ያወራ ነበር፤ ከአሜሪካ በኩል ግን የሚያረጋግጠው ወሬ አልመጣም። በኤፕሪል ሥራው ቆመ፦ የቢ-29 ድብደባ የሃይድሮጅን ምንጩን መትቶታል፣ ውጤቱ አይታወቅም፣ የነፋሱም ወቅት አልፏል።

የዝምታው ዋጋ የተከፈለው ከዚህ በኋላ ነው። ሜይ 5 ቀን 1945 ቅዳሜ ረፋዱ ላይ፣ ብላይ በምትባል የኦሪገን ትንሽ ከተማ ያገለግል የነበረው ፓስተር አርቺ ሚቼል፣ ነፍሰ ጡር ባለቤቱ ኤልሲ እና አምስት የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ወደ ጊርሃርት ተራራ ለሽርሽር ወጡ። ልጆቹ ከ11 እስከ 14 ዓመት ነበሩ። አርቺ መኪናውን እያቆመ ሳለ ኤልሲና ልጆቹ መሬት ላይ የተኛ እንግዳ ነገር አይተው ተሰበሰቡበት። ቦምቡ ፈነዳ፤ ስድስቱም ሞቱ። በጦርነቱ ወቅት በዋናው የአሜሪካ ምድር በጠላት ጥቃት የሞቱት እነዚህ ብቻ ናቸው። መጀመሪያ የተነገረው ምክንያቱ ያልተገለጸ ፍንዳታ ገደላቸው ተብሎ ነው። መንግሥት ሕዝቡን በግልጽ ያስጠነቀቀው ሜይ 22 ላይ፣ ፊኛ መለቀቁ ካቆመ ከአንድ ወር በኋላ ነው። ሳንሱሩ በጃንዋሪ ተገቢ ነበር ማለት ይቻላል፤ በረዶው ቀልጦ ሰው ወደ ጫካ መውጣት ሲጀምር ግን «የወደቀ ፊኛ አትንኩ» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ለጃፓን የሚሰጠው ምስጢር አልነበረም። አርቺ ሚቼል በኋላ ወደ ቬትናም ለሚስዮን ሥራ ሄዶ በ1962 በታጣቂዎች ተወሰደ፤ አልተመለሰም።

ከዚሁ ጋር የሚረሳ ሌላ ምዕራፍ አለ። ጥቁር ወታደሮች ብቻ የነበሩበት 555ኛው አየር ወለድ ሻለቃ በ1945 ወደ ምዕራብ ሲታዘዝ ሊዋጋ የሚሄድ መስሎት ነበር። የደረሰው ግን ፔንድልተን፣ ኦሪገን ነው፤ ተልእኮው በፊኛም ሆነ በሌላ ምክንያት የተነሣ የጫካ እሳት ላይ በፓራሹት እየዘለሉ ማጥፋትና ያልፈነዱ ቦምቦችን ማምከን። ከደን አገልግሎት ሰዎች የተማሩት ከውጊያ ዝላይ የተለየ ነበር፦ ፊት የሚከልል የሽቦ መረብ ያለበት የአሜሪካ እግር ኳስ ተጫዋች የራስ ቁር፣ ዛፍ ላይ ሲሰቀሉ የሚወርዱበት 15 ሜትር ያህል ገመድ። የወታደር ዘላይ ከዛፍ ይሸሻል፤ እነዚህ ግን ሜዳው ድንጋይና ጉቶ ስለሆነ ሆን ብለው ዛፍ ላይ ያርፋሉ። ክፍተቱ እዚያ ነው፤ የሰሜን ምዕራቡ ዛፍ ከገመዱ በሦስት እጥፍ ይረዝማል። የሕክምና ባለሙያው ማልቪን ብራውን ኦገስት 6 ቀን 1945 ከእንዲህ ዓይነት ዛፍ ሲወርድ ወድቆ ሞተ። ሻለቃው በዚያ ወቅት 36 እሳት ላይ ተሰማርቶ ከ1,200 ጊዜ በላይ ዘልሏል። እሳቱ በአብዛኛው የመብረቅና የሰው እንጂ የፊኛ አልነበረም።

«ፊኛዎቹ ይህን ያህል ጫካ አቃጠሉ» የሚል ነገር ካነበቡ አይመኑት፤ በእነሱ ተነሣ ተብሎ የተረጋገጠ ትልቅ ቃጠሎ የለም። ከኖቬምበር እስከ ማርች የዚያ አካባቢ ጫካ በበረዶና በዝናብ የራሰ ነው። በጋቸው ሲመጣና ጫካው ሲደርቅ ደግሞ ከላይ ያለው ነፋስ ይደክማል። ይህን የሚፈታ ብልሃት አልነበረም። ለጦርነቱ ከሁሉም የቀረበው ጉዳት በአጋጣሚ የደረሰው ነው፦ ማርች 10 ቀን 1945 ዋሽንግተን ግዛት ውስጥ አንድ ፊኛ የኤሌክትሪክ መስመር ላይ ተጠምጥሞ መብራት አቋረጠ፤ መስመሩ ለሃንፎርድ የኒውክሌር ማብላያ ኃይል የሚሰጥ ነበር፤ ማብላያው ራሱን አጠፋ። በኋላ ናጋሳኪ ላይ ለተጣለው ቦምብ ፕሉቶኒየም ይመረት የነበረው እዚያ ነው። ሥራው ለጥቂት ጊዜ ተስተጓጎለ እንጂ ሌላ ጉዳት አልደረሰም፤ ጃፓንም አላወቀችም።

ከ9,300ው ውስጥ የተገኘው ወደ 300 ብቻ ነው፤ የደረሱት ግን 1,000 ገደማ እንደሚሆኑ ይገመታል። የቀረው ወይ ተቃጥሏል ወይ ጫካ ውስጥ አለ። በ2014 ላምቢ፣ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ውስጥ የደን ሠራተኞች ግማሹ መሬት ውስጥ የተቀበረ አንድ አግኝተው የካናዳ ባሕር ኃይል እዚያው አፈነዳው። በሲያትል፣ በፖርትላንድ ወይም በቫንኩቨር ኖረው ተራራ የሚወጡ ከሆነ፣ የአሉሚኒየም ቀለበት፣ ክንፍ ያለው ሲሊንደር ወይም የተጠማዘዘ ሽቦ ቢያዩ አይጠጉ፣ ድንጋይም አይወርውሩበት። በመጡበት ዱካ ይመለሱ፣ ቦታውን በስልክዎ ካርታ ላይ ምልክት ያድርጉ፣ ራቅ ካሉ በኋላ 911 ይደውሉ። ወረቀቱ ከበሰበሰ ቆይቷል፤ ፈንጂው ግን ከ80 ዓመት በኋላም ሊፈነዳ ይችላል።